የእሑድ ውሃ

አባቴ የውሃ አባት ሆኖ በተመረጠ በመጀመሪያው ሳምንት ሁለት ጥርሱ ወለቀ። በአካፋ የሚፋለጡ ሁለት ወንድማማቾችን ሊገላግል መሀል ገብቶ ነው። ማን እንደመታው ዛሬም አይታወቅም፤ ሁለቱም "እኔ አይደለሁም" ብለው ምለዋል። አባቴ ጥርሶቹን ከጭቃው ለቅሞ ኪሱ ከተተና ደም እየተፋ "ተራው የታላቅየው ነው" ብሎ ፈረደ። ውሃውንም ራሱ ከፈተለት። ቤት ሲመጣ እናቴ አፉን አይታ ጮኸች። እኔ አልጮህኩም። አፈርኩበት።

ሰፈራችን ከደብረ ማርቆስ ወደ ደብረ ኤልያስ በሚወስደው መንገድ፣ ከአስፋልቱ ወጣ ብሎ ቁልቁል ያለ ነው። ክረምቱ ካለፈ በኋላ ገበሬው ተሰብስቦ ወንዙን በድንጋይና በሣር ጓል ጠልፎ ወደ ቦይ ያስገባዋል። በዚያ አንድ ቦይ ድንች፣ ሽንኩርት፣ ገብስ ይጠጣል። ተራ የሚያወጣ፣ ቦዩ ሲደፈን ሰው ጠርቶ የሚያስጠርግ፣ ሲጣሉ የሚዳኝ አንድ ሰው ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ይመረጣል። የውሃ አባት የሚባለው እሱ ነው። ደመወዝ የለውም።

ከአባቴ በፊት የነበረው የውሃ አባት እኔ የምወደው ዓይነት ሰው ነበር። ቦይ ሲጠረግ ከላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ በዱላው ይጠቁማል። ውሃ መጀመሪያ የሚጠጣው የእሱ ማሳ ነው። አንድ ጊዜ ተራ የሰረቀ ጎረምሳ ፊታችን አስተኝቶ ገርፎታል፤ ልጁ ሱሪው ላይ ሸና። ከዚያ በኋላ ወር ሙሉ ከተራው ውጪ ውሃ የነካ አልነበረም። አባቴ ግን ሱሪውን ሰብስቦ መጀመሪያ ጭቃ ውስጥ የሚገባው እሱ ነው። የኛን ማሳ ተራ ከሁሉም መጨረሻ አደረገው። ገበያ ላይ እኩዮቼ "የውሃ አሽከር ልጅ" ይሉኝ ጀመር። ለዚህ ስም ሁለት ጊዜ ተደባድቤያለሁ፤ ሁለቱንም ጊዜ ተሸነፍኩ።

የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ወድቄ ቤት የተቀመጥኩበት ዓመት ነው። ከድንቹ ግማሹ ያንተ ነው፣ ሸጠህ ወደፈለግህበት ትሄዳለህ ተብያለሁ። ዐቢይ ጾም ሲገባ ወንዙ ሳሳ። የኛ ተራ እስኪደርስ ሁለት ሳምንት አለፈው። የድንቹ ቅጠል ጠርዙ ተኮማተረ። አንድ ቀን አባቴ ከቦዩ ሲመለስ ደጃፉ ላይ ጠበቅኩት።

"አባየ፣ የኛ ድንች እየሞተ ነው።"

"አይቼዋለሁ።"

"አለቃ እንደዚህ አይሆንም። አለቃ ይቀድማል።"

"ጌታችን የደቀ መዛሙርቱን እግር ሲያጥብ ቀድሞ የተቀመጠው ማን ነው?"

"እሱ አንድ ቀን ነው ያጠበው። ቄሱም በጸሎተ ሐሙስ አንድ ቀን ነው የሚያጥበን። አንተ በየቀኑ ሆነብህ።"

አባቴ በወለቁት ጥርሶቹ ቀዳዳ ሳቀ። "አንድ ቀን ብቻ ያጠበ ይመስልሃል?" አለና እግሩን ሊታጠብ ገባ። እኔ አልሳቅኩም። ውስጤ የሚመታው ነገር እየፈለገ ይዞር ነበር።

አንድ ነገር ላስረዳ። የእሑድ ውሃ የማንም ተራ አይደለም። ማን እንደጀመረው የሚያውቅ የለም። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የውሃ አባቱ ቦዩን ወደ መበለቶቹ፣ ወደ ሽማግሌዎቹና ወደ በሽተኞቹ ማሳ ይመልሰዋል። በሰንበት አፈር የሚነካ ስለሌለ ውሃው እስከ ሰኞ ጠዋት በራሱ ይፈስላቸዋል። ሌላ ቀን ተራ የሰረቀ ዱላ ይቀምሳል። የእሑድን ውሃ የሰረቀ ግን ምን እንደሚደርስበት አላውቅም ነበር፤ የሰረቀ ሰው አይቼ አላውቅማ።

በጾሙ አጋማሽ፣ በእሑድ፣ ቅዳሴው ሳያልቅ ሆዴን አመመኝ ብዬ ወጣሁ። መንደሩ ባዶ ነበር። ቦዩ ዳር ጎረቤታችን ቅዳሜ ሲሠራበት የዋለው አካፋ እንደቆመ አለ። ጎረቤታችን ከአባቴ ጋር አብሮ ያደገ፣ ቁጡ፣ አፉ የማያርፍ ሰው ነው። በዚያ ሳምንት ሰው ሁሉ እየሰማ "እናንተ ስትጸልዩ ሽንኩርቴ ነደደ!" ብሎ አባቴ ላይ ጮኾበታል። የእሱ ማሳና የኛ ማሳ ከአንድ የቦይ ቅርንጫፍ ነው የሚጠጡት፤ የእሱ ከላይ፣ የኛ ከታች። አካፋውን ነቅዬ ወደ መበለቶቹ የሚሄደውን ደፈንኩ፣ ወደኛ የሚወርደውን ከፈትኩ። ውሃው ደረቁን አፈር እያፏጨ ሲገባ ድንቹ መሀል ቆሜ ሳቅኩ። ቅዳሴው ሲያልቅ ዘጋሁ። ወደ መበለቶቹ የሚሄደውን ግን በጥድፊያ በደንብ አልከፈትኩትም። አካፋውንም ካነሳሁበት አልመለስኩትም፤ የደፈንኩት ጓል ላይ ተክዬው ሮጥኩ።

ከቤተ ክርስቲያን የተመለሰች አንዲት መበለት ቦይዋ ደርቆ አየች። እሪታዋን ሁላችንም ሰማን። ጎረምሶቹ ነጠላቸውን እንዳጣፉ ሮጠው ደረሱ፣ እኔም አብሬ ሮጥኩ። የተደፈነ ጓል፣ እርጥብ ቅርንጫፍ፣ የጎረቤታችን አካፋ። ከዚህ በላይ የጠየቀ የለም። ቅርንጫፉን ተከትሎ እስከኛ ማሳ የወረደ አንድ ሰው ቢኖር ኖሮ እግሩ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ጭቃ ይገባ ነበር። ማንም አልወረደም። የውሃ አባት ማሳ በእሑድ ይጠጣል ብሎ የሚያስብ ሰው በዚያ ሰፈር አልነበረም። የሸፈነኝ የማፍርበት የአባቴ ስም ነው።

ጎረቤታችንን ምሳ ሊቀርብ ሲል ከቤቱ ጎትተው አወጡት። "ምን አድርጌ?" አለ። "የመበለት ውሃ የምትጠጣ!" አለው አንዱና በዱላ አናቱን አለው። ግንባሩ ተከፍሎ ደሙ ዓይኑ ውስጥ ገባ። ሚስቱ መሀል ገባች፣ በፀጉሯ ይዘው ወረወሯት። እሱ እየተንገዳገደ ቡጢ ሰነዘረ፣ አንዱን አገኘው። ያኔ አበዱ። ስምንት እንሆናለን። ነጭ ነጠላችን ላይ ደሙ እየተረጨ፣ አፋችን ላይ የጠበሉ ጣዕም ሳይጠፋ፣ ሰውዬውን እንደ እባብ ቀጠቀጥነው።

"ቀጠቀጥነው" ነው ያልኩት። አንዱ ዘወር ብሎ አየኝ። ባዶ እጄን ቆሜ ስለነበር "አንተስ?" አለኝ። መሬት ላይ የወደቀ ዱላ አነሳሁና መታሁ። አንድ ጊዜ አይደለም። ሰውዬው ቀኝ ክንዱን ራሱ ላይ ጋርዶ ነበር። ክንዱ እንደ ደረቅ እንጨት ሲሰበር ሰማሁ። የሰበረው የኔ ዱላ ይሁን የሌላ አላውቅም አልኩ ለራሴ። አላውቅም ማለት ይቀላል።

አባቴ ከቄሱ ጋር ቀርቶ ነበር። ጩኸቱን ሰምቶ ደረሰ። ሰውዬው ላይ በሆዱ ተኛበት። ሁለት ሦስት ዱላ ጀርባው ላይ አረፈ፣ እስኪያውቁት ድረስ። "የውሃ አባት ነው! ተዉ! የውሃ አባት ነው!" አባቴ ተነሥቶ ነጠላውን ቀደደና የጎረቤታችንን ግንባር አሰረ። ከዚያ ቀና ብሎ አየን። "ቃሬዛ" አለ ብቻ።

ከፊት አባቴ ያዘ፤ ከኋላ እኔ። ጀርባው እንደተመታ አውቃለሁ፣ በየጥቂቱ ያቃስታል፣ ሰው ልቀበልህ ሲለው ግን አይለቅም። እስከ አስፋልቱ ሰዓት ያህል ነው። ጎረቤታችን ዓይኑን ሳይገልጥ አንድ ነገር ብቻ ይደጋግማል፤ "አካፋዬን ማን ወሰደው? አካፋዬን ማን ወሰደው?" እግሩ በኔ በኩል ነበር። እየሰማሁ ተሸከምኩት። አስፋልቱ ላይ ባጃጅ አገኘንና ሚስቱና አባቴ ወደ ደብረ ማርቆስ ይዘውት ሄዱ። እኔ ደም የጠጣውን ቃሬዛ ተሸክሜ ተመለስኩ።

በማግስቱ የጎረቤታችን ታናሽ ወንድም ከደምበጫ መጣ። በጋሪ የሚሠራ፣ ሳቂታ፣ ልጆች የሚከተሉት ሰው ነበር። አሁን ክላሹን ጭኑ ላይ አጋድሞ የወንድሙ በር ላይ ተቀመጠ። "ከስምንቱ አንዱን ሳልጥል ከዚህ አልነሳም" አለ። ሽማግሌዎች ሄዱ፤ ከጭንቅላታቸው በላይ ተኮሰና በየአጥሩ በተናቸው። የንስሐ አባታችን መስቀል ይዘው ሄዱ፤ ብድግ ብሎ መስቀሉን ሳመ። "አባ፣ መስቀሉን ስሜያለሁ። ጥይቱን ግን አልሰጥዎትም" አላቸው። ጎረምሶቹም መሣሪያ ያለው ዘመዳቸው ጋ መሄድ ጀመሩ። መበለቲቱ እንኳ "ውሃው ይቅርብኝ፣ ምነው ባልጮህኩ" እያለች ደረቷን ትደቃ ነበር። አንድ ሰው ከሞተ ሌላው ተከትሎ እንደሚሞት፣ የልጅ ልጆቻቸው ገበያ ሲገናኙ እንደሚተኳኮሱ ሁሉም ያውቃል። እኛ ዘንድ ደም ዝም ብሎ አይደርቅም።

በሦስተኛው ቀን፣ ጎረቤታችን ከሐኪም ቤት ተመልሶ ቤቱ ከገባ በኋላ፣ አባቴን ቦዩ ላይ አገኘሁት። በአንድ ጉልበቱ ተንበርክኮ የተናደ ጠርዝ ይጠግናል።

"አባየ፣ ውሃውን የከፈትኩት እኔ ነኝ።"

ጭቃ በያዘ እጁ በጥፊ መታኝ። ቦዩ ውስጥ ወደቅኩ። ኮሌታዬን ይዞ አወጣኝና ፊቱን ፊቴ ላይ አስጠግቶ "ሰውዬውንስ? መታኸው?" አለኝ።

"መታሁት።"

ሁለተኛ ጥፊ ጠበቅኩ። አልመጣም። ለቀቀኝና ጭቃው ላይ ቁጭ አለ። ከዚያ "ሁለት ድንጋይ ፈልግ" አለ።

"ምን ያህል?"

"ተሸክመኸው የሚከብድህን።"

በደል የፈጸመ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ በበደለው ሰው ፊት እንደሚወድቅ አውቃለሁ። "አንተ ምን አጠፋህ? እኔ ብቻዬን እሄዳለሁ" አልኩት።

"አንተ አካፋ አነሳህ። እነሱን ግን የኛ ማሳ ድረስ እንዳይወርዱ ያደረጋቸው የኔ ስም ነው። ሰውዬው ሲጮኽብኝ ሰምተው ነው የጠረጠሩት። በኔ ውሃ፣ በኔ ዳኝነት ነው ሳይጠይቁ ዱላ ያነሱት። አንተ ያጠፋኸውን አንተ ትሸከማለህ፤ የኔን ደግሞ ማንም አይሸከምልኝም።"

እናቴ ስትሰማ በሩ ላይ ቆመች። "ልጄን አፈሙዝ ፊት ልታቆምልኝ ነው?"

"ፊት የምቆመው እኔ ነኝ" አላት። ዱላዬን ከእጄ ወስዶ ለእሷ ሰጣት።

ረፋድ ላይ ነበር። ድንጋዮቹን ማጅራታችን ላይ ተሸክመን በሠፈሩ መሀል ሄድን። ሰው ከየበሩ ወጥቶ አየን፤ የተከተለን የለም። ወንድምየው ከሩቅ ሲያየን ተነሣና አቀባበለ።

"ቁም! ሽማግሌ ሆነህ ከመጣህ ተመለስ!"

"ሽማግሌ ሆኜ አልመጣሁም" አለ አባቴ። "በዳይ ሆኜ ነው የመጣሁት። ውሃውን የሰረቀው ልጄ ነው። ወንድምህን ከመቱትም አንዱ እሱ ነው።"

ወንድምየው መጀመሪያ ያልገባው መሰለ። ከዚያ ገባው። ሦስት እርምጃ መጥቶ በሰደፉ አባቴን እትከሻው ላይ መታው። አጥንቱ ሲሰበር ሰማሁት፤ ይህን ድምፅ በዚያ ሳምንት ለሁለተኛ ጊዜ ነው የምሰማው። አባቴ በጉልበቱ ወደቀ፣ ድንጋዩ ተንከባለለ። በአንድ እጁ ድንጋዩን ጎትቶ አነሳና ደረቱ ላይ አቀፈው።

"ጣለው! ጣለው አልኩህ!" ይላል ወንድምየው። እንባው ይወርዳል። እንደገና ሰደፉን አነሳ።

"እኔን ምታ!" አልኩና ድንጋዬን እንደተሸከምኩ መሀል ገባሁ። መሣሪያውን አዞረና አፈሙዙ ደረቴን ነካኝ። ከነድንጋዩ መሬት ላይ ተንበረከክሁ። ጀግና ሆኜ ነበር ብዬ ብጽፍ ደስ ይለኝ ነበር፤ ውሸት ነው። ያ ሱሪው ላይ የሸናው ጎረምሳ ያን ጊዜ ነው የገባኝ።

"ተወው!" አለ ከውስጥ የሚመጣ ድምፅ። ጎረቤታችን ሚስቱን ተደግፎ ወጣ። ክንዱ በጄሶ፣ ራሱ በፋሻ፣ አንድ ዓይኑ ገና አልተከፈተም። በአንድ ዓይኑ ቁልቁል አየኝ።

"አካፋዬን የወሰድኸው አንተ ነህ?"

"እኔ ነኝ ጋሼ።"

"ለምን አልጠየቅኸኝም? እሰጥህ ነበር እኮ።"

ድንጋዩን ማጅራቴ ላይ አጥብቄ ያዝኩ።

"የት ላይ ነው የመታኸኝ?"

"አላውቅም ጋሼ።"

"አስብ።"

"ክንድዎ ላይ።"

ወንድምየው አፈሙዙን ገፋ አደረገው፤ ጎረቤታችን በደህና እጁ ያዘበት። "ይህን ገድለህ አንተ ጫካ ግባና ደግሞ በአንድ እጄ ያንተን ልጆች ላሳድግ? ጥይቱን ነቅለህ ስጣት" አለው። ወንድምየው ካዝናውን ነቅሎ ለወንድሙ ሚስት ወረወረላት። "እኔ አልታረቅኩም" አለና ወደ ጓሮ ዞረ።

አባቴ አሁንም በጉልበቱ ነው። ፊቱ አመድ መስሏል። "ድንቹን እናንተ ውሰዱት" አለ። "የውሃ አባትነቱንም በእሑድ አስረክባለሁ። ልጁን ያልጠበቀ ሰው ውሃ አይጠብቅም።"

ጎረቤታችን ሊስቅ ሞከረና ጎኑን አመመው። "ልታርፍ ነዋ? እኔ እዚህ ተሰባብሬ አንተ ቤትህ ልትተኛ? መውረድ እንደሆነ ቀላል ነው። ያ ድንጋይ ላይ የሚቀመጠው ሰውዬ ነገ ይመለስልህና የኔ ሽንኩርት እንደገና ይንደድ? አይሆንም። ትሠራታለህ። እየጮህኩብህ ትሠራታለህ።"

"ሰው አይሰማኝም ከእንግዲህ።"

"አይስማህ። አንተ ሲሰሙህ ነው እንዴ የምታገለግለው?"

አባቴ ቀና ብሎ አየውና አለቀሰ። ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም ነበር። ከዚያ ጎረቤታችን ወደኔ ዞረ። ክንዱ እስኪጠገን ማሳውን እኔ እንድሠራ፣ እሑድ ደግሞ ከቅዳሴ በኋላ በሰው ሁሉ ፊት እንድናገር ፈረደብኝ። "ይቅር ብዬሃለሁ ያልኩ እንዳይመስልህ" ሲልም ጨመረ። "እሱን ሥራህን አይቼ ነው።"

እሑድ ተናገርኩ። ሰባቱ ጎረምሶች ፊት ለፊት ቆመው ነበር። ንጹሕ ሰው መምታታቸውን ከኔ አፍ ሲሰሙ ያንን ሰው የመቱበትን ቁጣ ሁሉ ወደኔ አዞሩት። አንዱ ቅጥሩ ውስጥ እንዳለን ረስቶ ጆሮዬን በቡጢ አለኝ፤ እስካሁን በዚያ ጆሮ በደንብ አልሰማም። ቄሱ መሀል ገቡ። ሲበርድላቸው አንድ በአንድ ድንጋይ ፍለጋ ወጡ። ከሰዓት በኋላ የጎረቤታችን ደጅ በድንጋይ ሞላ።

ድንቹን ጎረቤታችን አልወሰደም፤ ቆፍሬ ለመበለቶቹ ሰጠሁት። ከተማ ሳልሄድ ቀረሁ። በየጠዋቱ የእሱን ሽንኩርት አጠጣለሁ፣ አርማለሁ፣ እሱ ከዳር ተቀምጦ ይሰድበኛል። "እንደሱ አይደለም፣ አንተ ደንቆሮ!" "ውሃውን አፈር አብልተኸው ሄድክ!" ጄሶው ሲፈታ ክንዱ ቀና ብሎ አልገጠመም። እርፍ መጨበጥ አልቻለም፤ ዛሬም አይችልም። ስለዚህ ዛሬም እኔ ነኝ የማርስለት። የአባቴም ትከሻ ወደ አንድ ጎን ቀረ። ተራችን መጨረሻ እንደሆነ ነው።

ከፋሲካ በኋላ ድንገት ዝናብ ጣለና ወንዙ ሞልቶ ጠለፋውን ጣሰው። አባቴ ሰው ጠራ። የመጡት ጥቂት ናቸው፤ ቂም የያዙበት ቀሩ። አባቴ በአንድ እጁ እስከ ወገቡ ውሃ ውስጥ ገብቶ ድንጋይ ይደረድራል፤ የደረደረውን ውሃው ይወስድበታል። ሁለት ጊዜ ሲወድቅ አየሁት። እኔ ከታች በኩል ጓል እያቀበልኩት ነበር።

ወንድምየው በዳገቱ ወረደ። መሣሪያ አልያዘም። ሁላችንም እጃችን ቆመ። ጫማውን አውልቆ ሱሪውን ሰበሰበና ውሃው ውስጥ ገባ፤ ከአባቴ በላይ፣ የውሃው ጉልበት በሚከብድበት በኩል ቆመና ውሃውን በጀርባው መለሰለት። አባቴን አላየውም።

"እንዳልታረቅኩዎት ይወቁ" አለ። "ጓሉን ያቀብሉኝ።"